ጫፍ ላይ ወይስ መሃል? ካርቦን አራት እጁን የሚያውልበት ቦታ

ኮዬ ፈጬ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለወላጆቻቸው ያቀረብኩት ንግግር ነው። እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ። የቀነስኩት ሰሌዳ ላይ ስሥል የነበረውን ብቻ ነው።

የተከበራችሁ ወላጆች፣ ውድ መምህራን፣ የምወዳችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን አደራችሁ!

ቅዳሜ ጠዋት ነው። ቤት ውስጥ ስንት ሥራ እንዳለ አውቃለሁ። ከቱሉ ዲምቱና ከቂሊንጦ፣ አንዳንዶቻችሁም ከገላን ድረስ ታክሲ ተጋፍታችሁ መጥታችኋል። እግዜር ይስጥልኝ። አዳራሹን ያሰናዳችሁ፣ ወንበር ስትሸከሙ ያመሻችሁ ወጣቶችም ምስጋናዬ ከልብ ነው።

ዛሬ የምናወራው ስለ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ ማለትም ስለ ካርቦን ውህዶች ነው። ወላጆች፣ "ይሄ የልጆቹ ጉዳይ ነው" ብላችሁ እንዳትተዉኝ አደራ። ልጆቻችሁ ማታ ማታ "አልዲሃይድ፣ ኪቶን፣ ካርቦክሲሊክ አሲድ" እያሉ ሲሸመድዱ ትሰማላችሁ። እነዚህ ነገሮች ከደብተር በፊት እናንተ ጓዳ ውስጥ ነበሩ። በዘይቱ አሉ። በጠጁ አሉ። በእንዶዱ አሉ። ቡና ላይ በምትጨምሩት ጤና አዳም ውስጥ አሉ።

እኔ ኬሚስት ነኝ። መጀመሪያ አስተማርኩ። ኋላ ቃሊቲ አካባቢ አንድ ፋብሪካ የጥራት ላቦራቶሪ ውስጥ ሠራሁ። በሁለቱም ቦታ አንድ ነገር ሲያንገበግበኝ ኖሯል። ልጆቻችን ዝርዝሩን ይሸመድዳሉ። "ጫፍ ላይ የሚቀመጡት እነዚህ ናቸው፣ መሃል መግባት የሚችሉት እነዚህ ናቸው" ይላሉ። ፈተናው ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን አንዱም ጭንቅላታቸው ውስጥ የለም። ለምን? ምክንያቱን ማንም አልነገራቸውም። ምክንያቱ ደግሞ አጭር ነው። አንድ ጊዜ ከገባችሁ ዝርዝሩን መያዝ አያስፈልጋችሁም። ራሳችሁ ታወጡታላችሁ።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ አንዳንዶቹ ግሩፖች፣ ማለትም የውህዱን ጠባይ የሚወስኑት የአቶም ስብስቦች፣ ለምን የካርቦን ሰንሰለት ጫፍ ላይ ብቻ ይቀመጣሉ? ሁለተኛ፣ ይህ በስም አወጣጥ ላይ ምን ያደርጋል? ሦስተኛ፣ ቦታቸው በኑሯችን ላይ ምን ለውጥ ያመጣል? ሦስተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁ። ልቤ ያለው እዚያ ነው።

በሉ ከመጀመሪያው እንነሣ።

እ.ኤ.አ. በ1858 አውጉስት ኬኩሌ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ካርቦን አራት ትስስር እንደሚፈጥርና ካርቦኖች እርስ በርስ እየተያያዙ ሰንሰለት እንደሚሠሩ ጻፈ። በዚያው ዓመት አርኪባልድ ኩፐር የተባለ ስኮትላንዳዊም ለብቻው ተመሳሳይ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህች ቁጥር ይወጣል። አራት!

ካርቦን አራት እጅ አለው ብላችሁ አስቡ። አራቱም እጆች የሆነ ነገር መያዝ አለባቸው። ባዶ እጅ የለም። አምስተኛ እጅም የለም።

አሁን ካርቦኖቹ ተያይዘው ተሰልፈዋል እንበል። መሃል ያለውን አንዱን ተመልከቱ። በግራ አንድ ጎረቤት፣ በቀኝ አንድ ጎረቤት አለው። ስንት እጅ ቀረው? ሁለት። አሁን ጫፍ ላይ ያለውን ተመልከቱ። ጎረቤቱ አንድ ብቻ ነው። ስንት እጅ ቀረው? ሦስት። ሦስት! ይቺን ያዙልኝ። መሃል ሁለት፣ ጫፍ ሦስት።

ቀጥለን እያንዳንዱን ግሩፕ አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። "ከአንድ ካርቦን ስንት እጅ ትፈልጋለህ?"

ካርቦክሲሊክ አሲድን ጠይቁት። ሲ-ኦ-ኦ-ኤች ነው። ሲ ካርቦን፣ ኦ ኦክስጅን፣ ኤች ሃይድሮጅን ነው። አንዱን ኦክስጅን በድርብ ትስስር ለመያዝ ሁለት እጅ። ለኦ-ኤች አንድ እጅ። ድምሩ ሦስት። ሦስት ነጻ እጅ ያለው ማነው? የጫፉ ካርቦን ብቻ! መሃል ያለው ሁለት ብቻ ስለቀረው ይህን ግሩፕ መሆን አይችልም። የማንም ሕግ አይደለም። እጅ አልበቃውም፣ አለቀ።

አልዲሃይድን ጠይቁት። ለኦክስጅን ሁለት፣ ለሃይድሮጅን አንድ። ሦስት። ጫፍ። ናይትራይልን ጠይቁት። ናይትሮጅንን በሦስት እጅ ይይዛል። ሦስት። ጫፍ። አማይድም፣ አሲድ ክሎራይድም እንዲሁ ናቸው። መማሪያ መጽሐፍ "ተርሚናል" የሚላቸው እነዚህ ናቸው።

ኪቶን ግን ይለያል። የሚፈልገው ለኦክስጅን ሁለት እጅ ብቻ ነው። የቀሩት ሁለት እጆች ግራና ቀኝ ካርቦን መያዝ አለባቸው። ጫፍ ላይ ብታስቀምጡት ምን ይሆናል? አንድ እጅ ይተርፈዋል። የተረፈው እጅ ሃይድሮጅን ይይዛል። ያኔ ኪቶንነቱ ቀርቶ አልዲሃይድ ሆነ! ስለዚህ ኪቶን ሁልጊዜ በሁለት ካርቦን መካከል ነው። ትንሹ ኪቶንም ሦስት ካርቦን ያስፈልገዋል። እሱም ፕሮፓኖን ነው። እኅቶቼ የጥፍር ቀለም የምታስለቅቁበት አሴቶን ማለት ነው። "ኢታኖን" የሚባል ነገር ፈተና ላይ ቢመጣባችሁ አትመኑ። ሁለት ካርቦን ይዞ ኪቶን መሆን አይቻልም።

የቀሩትስ? ኦ-ኤች፣ ክሎሪን፣ ብሮሚን፣ ኤን-ኤች-2? እያንዳንዳቸው የሚፈልጉት አንድ እጅ ነው። አንድ እጅ ጫፍም ላይ ይገኛል፣ መሃልም ይገኛል። ስለዚህ የትም ይቀመጣሉ። ድርብና ሦስትዮሽ የካርቦን ትስስርም ጫፍ ላይ ሊጀምር ይችላል፣ መሃል ሊሆንም ይችላል። ኤስተር የሚባለው ሌላ ግሩፕ ላይ ዛሬ አልቆይም። የራሱ ቀን ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያው ነጥብ ይኸው ነው። ተማሪዎች፣ ዝርዝር ሸመደዳችሁ? አልሸመደዳችሁም። እጅ ቆጠራችሁ።

ሁለተኛው ነጥብ ስም ነው። ይህን ቶሎ አልፈዋለሁ፤ በክፍል ብዙ ትሠሩታላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1892 ኬሚስቶች ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው የኦርጋኒክ ውህዶችን ስም በሥርዓት ለማውጣት ተስማሙ። ሥራው ኋላ እ.ኤ.አ. በ1919 ወደ ተመሠረተው ዓለም አቀፍ የኬሚስትሪ ኅብረት፣ ወደ አዩፓክ፣ ሄደ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ስሙን የሰማ ሰው፣ ቶኪዮም ይሁን አቃቂ፣ አንድ ዓይነት ሥዕል መሣል አለበት።

እስቲ ልጠይቃችሁ። አራት ካርቦን ያለው አልዲሃይድ ቡታናል ይባላል። ቁጥሩ የት ሄደ? ለምን "ቡታን-1-አል" አንልም? አልዲሃይድ ሌላ ቦታ ስለሌለው ነው! ሁልጊዜ አንደኛው ካርቦን እሱ ራሱ ነው። የታወቀን ነገር መድገም አያስፈልግም። አሲድም እንዲሁ ነው፤ ቡታኖይክ አሲድ፣ ያለ ቁጥር። ኪቶን ግን ከአምስት ካርቦን ጀምሮ ቁጥር የግድ ይለዋል። ፔንታን-2-ኦን አለ፣ ፔንታን-3-ኦን አለ። ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሁለት ነገር አደራ እላለሁ። አንደኛው፣ የግሩፑ ካርቦን ራሱ ይቆጠራል። ፕሮፔንናይትራይል ሦስት ካርቦን አለው ስንል ናይትሮጅኑን የያዘውን ጨምረን ነው። ሁለተኛው፣ ቆጠራው ከዚያው ካርቦን ይጀምራል። እርጎ የሚኮመጥጠው በላክቲክ አሲድ ነው። ሦስት ካርቦን፣ ጫፉ ላይ አሲድ፣ መሃሉ ላይ ኦ-ኤች። ሁለቱ ሲገናኙ የስሙን መጨረሻ የሚይዘው አሲዱ ነው። ኦ-ኤች ወደ ፊት ይሄዳል። ስሙ 2-ሃይድሮክሲፕሮፓኖይክ አሲድ ሆነ። ልብ በሉ፣ ቁጥር የተሰጠው መሃል ላለው ነው። ጫፍ ላይ ላለው ቁጥር አልተሰጠውም።

"ለአንዲት ቁጥር ይህን ያህል?" የሚል አይጠፋም። አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ኮሮና በገባበት ሰሞን ነው። ሳኒታይዘር እንደ ልብ የማይገኝበት ጊዜ ነበር። የምሠራበት ፋብሪካ አይሶፕሮፒል አልኮል አዘዘ። በሥርዓቱ ስሙ ፕሮፓን-2-ኦል ነው። ኦ-ኤች መሃል ላይ ያለበት። በርሜሎቹ መጡ። አስመጪው በሰጠን ወረቀት ላይ የተጻፈው ግን "ፕሮፓኖል" ብቻ ነው። ቁጥር የለም። ቀለም የለውም፣ ይነዳል፣ ሽታውም የአልኮል ነው። መኪናው ቆሞ ይጠብቃል። ሰዉ "ፈርሚና ይውረድ" ይለኛል።

ጥቂት ቀድቼ አፈላሁት። በባሕር ጠለል ላይ ፕሮፓን-2-ኦል በ82 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ፕሮፓን-1-ኦል በ97 ዲግሪ። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን። ውሃ ራሱ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ የጠበቅሁት 76 ገደማ ነበር። ቴርሞሜትሩ 76ን አለፈ። 80ን አለፈ። 90 አካባቢ ቆመ። ኦ-ኤቹ መሃል ሳይሆን ጫፍ ላይ ነበር! የካርቦን ብዛት አንድ ነው፣ የሃይድሮጅን ብዛት አንድ ነው፣ ኦክስጅኑም አንድ ነው። ያዘዝነው ዕቃ ግን አልነበረም። በርሜሎቹ ተመለሱ። ቀመራችን፣ የጥራት መለኪያችን፣ በርሜሉ ላይ የምንለጥፈው ማስጠንቀቂያ ሁሉ የተሠራው ለሌላው ነበርና።

ከዚህ ብዙ ሳንርቅ ቂሊንጦ ላይ የመድኃኒት ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም ጎረቤታችን ነው። ከእናንተ መካከል እዚያ የሚገባ አለ። ዕቃ ተቀብሎ የሚፈርም አለ። ያን ቀን ቁጥሯን ፈልጉ።

አሁን ወደ ሦስተኛው እንሂድ። ቦታው ምን ለውጥ ያመጣል?

ከመጠጥ ልጀምር። የጠጅ፣ የጠላና የአረቄ አልኮል ኢታኖል ነው። ሁለት ካርቦን አለው፣ ኦ-ኤቹ ጫፍ ላይ ነው። ይህ የጫፍ ካርቦን ኦ-ኤቹን በአንድ እጅ፣ ጎረቤቱን በአንድ እጅ ይዟል። በቀሩት ሁለት እጆቹ ሃይድሮጅን ይዟል። ኦክሲዴሽን፣ ማለትም ሃይድሮጅን የሚወጣበት ወይም ኦክስጅን የሚገባበት ለውጥ፣ ሲመጣ በመጀመሪያ ሁለት ሃይድሮጅን ይወጣል፤ አንዱ ከካርቦኑ፣ አንዱ ከኦ-ኤቹ። አልዲሃይድ ይሆናል፤ ኢታናል። ካርቦኑ ግን ገና አንድ ሃይድሮጅን ስለያዘ መንገዱ አላለቀም። ኦክስጅን ይገባና ካርቦክሲሊክ አሲድ ይሆናል። ኢታኖይክ አሲድ። ይሄ አቼቶ ነው! ጠጅ አየር ገብቶት ሲኮመጥጥ ባክቴሪያዎቹ የሚሠሩት ይህንኑ ነው። የጠጣ ሰው ጉበትም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። መሃል ላይ የሚፈጠረው ኢታናል ነው ፊት የሚያቀላው፣ የሚያቅለሸልሸው።

ኦ-ኤቹ መሃል ላይ ቢሆንስ? ያን ፕሮፓን-2-ኦል አስታውሱ። ካርቦኑ ግራና ቀኝ ጎረቤት አለው። አንድ ኦ-ኤች፣ አንድ ሃይድሮጅን። ሃይድሮጅኖቹ ሲወጡ ኪቶን ይሆናል። አሴቶን። ከዚያስ? ቆመ! ካርቦኑ የሚሰጠው ሌላ ሃይድሮጅን የለውም። ወደ አሲድ ለመሄድ ከጎረቤቱ ጋር ያለው ትስስር መበጠስ አለበት፤ ያ ደግሞ በቀላሉ አይሆንም። ሦስት የካርቦን ጎረቤት ያለው ካርቦን ላይ የተቀመጠ ኦ-ኤችማ ጭራሽ መንገዱን አይጀምረውም። አያችሁ? ኦ-ኤቹ ያው ኦ-ኤች ነው። የት ተቀመጠ የሚለው ነው ወዴት እንደሚሄድ የወሰነው።

ወላጆች፣ አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። ወጣቶችም ስሙኝ። ሜታኖል የሚባል አልኮል አለ። አንድ ካርቦን ብቻ ነው ያለው። ጎረቤት የሚባል ነገር የለውም። ጉበት ውስጥ ሲገባ ያንኑ የኢታኖልን መንገድ ይከተላል። አልዲሃይድ ይሆናል፤ ሜታናል፣ ያ ፎርማሊን የሚሠራበት። ከዚያ አሲድ ይሆናል፤ ሜታኖይክ አሲድ። ጉንዳን የሚረጨው አሲድ ይህ ነው። ሰው ደም ውስጥ ሲጠራቀም ግን ሴሎች ኦክስጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። የዓይንን ነርቭ ያጠቃል። ዓይን ያጠፋል። ይገድላል። ሽታውም ጣዕሙም ከሚጠጣው አልኮል ለመለየት ያስቸግራል። ምንጩ ያልታወቀ አልኮል የተቀላቀለበት መጠጥ አትጠጡ! የፋብሪካ አልኮል፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ ሳኒታይዘር አትጠጡ! አንድ ሰው ጠጥቶ ካደረ በኋላ "ዓይኔ ደበዘዘ፣ ጭጋግ መሰለኝ" ካለ ሰዓት አትቁጠሩ። ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ሐኪሞች መንገዱን ገና አልኮሉ ላይ እያለ የሚዘጉበት መድኃኒት አለ። አልዲሃይድና አሲድ እንዳይሆን ያግዱታል፣ የተጠራቀመውንም ያጥባሉ። ይህ የሐኪም ሥራ ነው። ቤት ውስጥ የሚሞከር አይደለም። ጎረቤት ለጎረቤት ንገሩ።

ከዚህ ከባድ ነገር ወደ መልካም ሽታ እንውጣ።

ጠጅ ሣር የምታውቁ? ሁላችሁም። ሲቀጠቀጥ ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ሲትራል በሚባል ውህድ ነው። አልዲሃይድ ነው። ጫፍ ላይ ነው። ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት ቀረፋም ሽታው ከአልዲሃይድ ነው የሚመጣው። እሱም ጫፍ ላይ ነው። አሁን ወደ ቡናው ኑ። ጤና አዳም! የጤና አዳም ዘይት ውስጥ ጎልቶ የሚገኝ አንድ ውህድ አለ። ስሙ ኡንዴካን-2-ኦን ነው። አሥራ አንድ ካርቦን፣ ሁለተኛው ላይ ኪቶን። ሽታው ጠንካራ ነው፤ ነፍሳትም ይሸሹታል። የኛ እናቶች አንዱን ለሻይ፣ አንዱን ለቡና ሲለዩ የሁለቱን ልዩነት በአፍንጫቸው ያውቁት ነበር። ላቦራቶሪ ውስጥ ደግሞ የቶለንስ ፈሳሽ አለ፤ ብርና አሞኒያ ያለበት። አልዲሃይድ ሲገባበትና ሞቅ ሲል የመስታወት ቱቦው ውስጡ ብር ይለብሳል። ፊታችሁን ታዩበታላችሁ! የጤና አዳሙ ኪቶን ቢገባበት ግን ምንም አይሆንም። አልዲሃይዱ ጫፍ ላይ ያለችው ሃይድሮጅን አለችው። ኪቶኑ የለውም።

ዘይት ላይም ትንሽ ልቁም። በክረምት የፓልም ዘይት ጀሪካን ውስጥ ይረጋል። እሳት አጠገብ ካላስጠጋችሁት አይቀዳም። የኑግ ዘይት ግን አይረጋም። ለምን? ሁለቱም ዘይቶች የተሠሩት ረጃጅም አሲዶች በጫፋቸው፣ በዚያችው በሲ-ኦ-ኦ-ኤች በኩል፣ ግሊሰሮል ከሚባል አልኮል ጋር ታስረው ነው። ጫፉ አንድ ዓይነት ነው። ልዩነቱ መሃል ላይ ነው። ፓልም ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ የሆነው ፓልሚቲክ አሲድ ነው። 16 ካርቦን አለው፣ ድርብ ትስስር የለውም፣ ቀጥ ያለ ነው። ቀጥ ያሉት ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ ይረጋሉ። የኑግ ዋነኛው አሲድ ሊኖሌይክ አሲድ ነው። 18 ካርቦን አለው። ከጫፉ አሲድ ስንቆጥር 9ኛውና 12ኛው ላይ ድርብ ትስስር አለው። እዚያ ጋ ይታጠፋል። የታጠፈ ነገር አይደረደርም። ለዚህ ነው የማይረጋው። እነዚያው ድርብ ትስስሮች ደግሞ ኦክስጅን ይስባሉ፤ ስለዚህ የኑግ ዘይት ብዙ ሲቀመጥ ቶሎ ይበላሻል። የ"ኦሜጋ 6" ወሬ ሰምታችኋል? ይህንኑ አሲድ ከሌላኛው ጫፍ መቁጠር ነው። 18 ሲቀነስ 12፣ 6።

አሁን ከሁሉ የምወደው ላይ ደረስኩ። እንዶድ።

አያቴ ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነበር። እዚህ ካላችሁት ውስጥ የብዙዎቻችሁ አያቶችም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ አድዋ ላይ ስለ ቢልሃርዚያ ያጠኑ ነበር። ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፈው ትል ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ነው የሚራባው። ዶክተር አክሊሉ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተዋል። ስንት ሰው አልፎበታል? ስንት ሰው አይቶታል? "ለምን?" ያሉት ግን እሳቸው ናቸው። እንዶድ ውስጥ ያለው ገዳይ ነገር በስማቸው ሌማቶክሲን ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸለሙ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህ ከእኛ ጉዳይ ጋር ምን አገናኘው? ስሙኝ። የእንዶዱ ሞለኪውል መነሻው ኦሊያኖሊክ አሲድ ነው። 30 ካርቦን አለው፣ አምስት ቀለበት ሠርቷል። 3ኛው ካርቦን ላይ ኦ-ኤች አለ። 28ኛው ካርቦን ራሱ ሲ-ኦ-ኦ-ኤች ነው። ፍሬው ውስጥ 3ኛው ላይ ስኳር ተያይዟል። በብዙዎቹ ሞለኪውሎች ላይ ግን 28ኛውም ላይ ሌላ ስኳር ተለጥፏል፤ ማለትም አሲዱ ተሸፍኗል። በዚህ ሁኔታ ቀንድ አውጣ አይገድልም! ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲገባበት የፍሬው የራሱ ኢንዛይም ያን የ28ኛውን ስኳር ይቆርጠዋል። አሲዱ ይገለጣል። አሁን ይገድላል። አስቡት እስቲ! የ3ኛው ስኳር ባለበት ሆኖ፣ ቀለበቶቹ ባሉበት ሆነው፣ አንድ የጫፍ ግሩፕ ተሸፈነ ወይስ ተገለጠ የሚለው ነው ልዩነቱን ያመጣው። እናቶቻችን እንዶዱን ፈጭተው ውሃ ውስጥ ሲዘፈዝፉ ሳያውቁት ይህን ኬሚስትሪ ይሠሩ ነበር።

እዚህ ላይ ሳስተምር አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝን ጥያቄ ላንሣ። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ሦስት ሲ-ኦ-ኦ-ኤች አለው። ሁለቱ ጫፍና ጫፍ ናቸው። ሦስተኛው መሃል ላይ ተንጠልጥሏል። "መምህር፣ ጫፍ ላይ ብቻ ነው አላሉንም? ታዲያ ይሄ መሃል ምን ይሠራል?" አለችኝ። ድንቅ ጥያቄ! የሸመደደ ልጅ ይህን አይጠይቅም። መልሱ እጅ መቁጠር ነው። መሃል የተንጠለጠለው ሲ-ኦ-ኦ-ኤች የራሱ ካርቦን አለው። ያ ካርቦን ሦስት እጁ ተይዟል፣ በአራተኛው ሰንሰለቱን ይዟል። ከእሱ ወዲያ ሰንሰለት አይቀጥልም። ስለዚህ እሱም የራሱ ቅርንጫፍ ጫፍ ነው። የእንዶዱ 28ኛ ካርቦንም እንዲሁ ነው። "ጫፍ" ስንል የረጅሙን ሰንሰለት ጫፍ ብቻ ማለታችን አይደለም። ካርቦኑ ከአንድ በላይ ካርቦን መያዝ አይችልም ማለታችን ነው። ስም ስናወጣለት ደግሞ ሦስቱም በአንድ ሰንሰለት ውስጥ ሊቆጠሩ ስለማይችሉ ከቆጠራው እናወጣቸዋለን። 2-ሃይድሮክሲፕሮፔን-1,2,3-ትራይካርቦክሲሊክ አሲድ ይባላል። አያችሁ፣ አሁን ቁጥር መጣ! የት የት እንደተንጠለጠሉ መናገር ስላለብን።

አንዲት ነገር ለብየዳ ሠራተኞች። በአካባቢያችን ብዙ ብረታ ብረት ቤት ስላለ ሳልናገር አልሄድም። ካርባይድ ውሃ ሲነካው የሚወጣው ጋዝ አሴቲሊን ነው። ሁለት ካርቦን በሦስትዮሽ ትስስር፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ሃይድሮጅን። ሦስትዮሽ ትስስር ጫፍ ላይ ሲሆን ሃይድሮጅኑ በብረታ ብረት ሊተካ ይችላል። መዳብ ከተካው የሚፈጠረው ነገር ሲደርቅ በትንሽ ንቅናቄ ይፈነዳል። ስለዚህ የአሴቲሊን መስመር በመዳብ ቱቦ አይቀጠልም። ቱቦ ተቀዶ መዳብ በእጅ ላይ ቢገኝ እንኳ አይቀጠልም! ይህን ለምታውቁት ሠራተኛ ሁሉ ዛሬውኑ ንገሩልኝ።

ተማሪዎች፣ ሰዓቴ እያለቀ ነው። ሻይ ቀርቧል፤ ቀረፋ አለበት። ከመነሣታችሁ በፊት ግን ወረቀት አውጡ። ሦስት ስም ልስጣችሁ። አንደኛ፣ 3-ሃይድሮክሲቡታኖይክ አሲድ። ሰው ሲጾም ጉበቱ የሚሠራው ነገር ነው። ሁለተኛ፣ 4-ሃይድሮክሲቡታን-2-ኦን። ሦስተኛ፣ ፔንታን-3-አል። ሁለቱን ሣሉ። ከሦስቱ አንዱ ግን ሊሣል አይችልም። የትኛው እንደሆነና ስንት እጅ እንደጎደለው ጽፋችሁ ሻይ ላይ ወደ እኔ ይዛችሁ ኑ። እናቶች፣ አባቶች፣ እናንተም ሞክሩት። አመሰግናለሁ።